እርጥብ ሣር በዌልስ ተራራ

ሰው ከሌላው ፍጡር የሚለይበት ነገር ብዙ ነው ይላሉ ዐዋቂዎች። ይስቃል፣ ይዋሻል፣ ሰርግ ይደግሳል። እኔ አንድ ልጨምርበት። ሰው፣ ሌላ ሰው ደጅ ድረስ ሄዶ፣ አጥር ተደግፎ፣ «አቤት አኗኗር!» ብሎ፣ ፎቶ አንሥቶ የሚመለስ ብቸኛ ፍጡር ነው። የደብረ ብርሃን በግ፣ የመንዝ በግ እንዴት እንደሚግጥ ለማየት ስንቅ ቋጥሮ ሲሄድ ዐይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ሰው ግን ይሄዳል። የሚሄደው ከተሜው ነው፤ የሚታየው ደግሞ ሁልጊዜ ተራራ ላይ ያለው ነው። ሜዳ ላይ የሚኖረው ምስኪን ምን እንዳጎደለ እንጃ፣ «ልይህ» ብሎ የሚመጣበት የለም።

ይህን ሁሉ ያፈላሰፈኝ አንድ ጎረቤቴ ነው። ፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ በሚሏቸው ዓመታት ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን፣ ካውንስል ፍላት በሚሉት የማዘጋጃ ቤት ፎቅ ውስጥ ስኖር፣ ከበታቼ ባለው ፎቅ አንድ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ አስተማሪ ይኖር ነበር። ሰውዬው ጡረታ ሲወጣ እንደ እኛ ሰው እድር ገብቶ አልተቀመጠም፤ ተነሥቶ ኢትዮጵያ ሄደ። ሄዶም አዲስ አበባን ሁለት ቀን ብቻ ዐይቶ፣ በቀጥታ የጋሞ ተራራ ላይ ወጣ። ሲመለስ ሻይ ጋበዘኝና ያነሣውን ሥዕል ሁሉ ግድግዳው ላይ በመብራት እያሳየ ስለ አገሬ ያስረዳኝ ጀመር። ከቀርከሃ የተሠራውን ረጅም ቤት፣ ጉሙን፣ የእንሰቱን ማሳ፣ ቁልቁል የሚታየውን ሐይቅ አሳየኝ። እኔ የአገሩ ሰው «አሃ! እንዴ!» እያልኩ ብስኩት እበላለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያደግሁት ከሽሮ ሜዳ ግርጌ ነው። ጎረቤቶቻችን ሸማኔዎች ነበሩ፤ የትውልድ አገራቸውም ይኸው የጋሞ ተራራ ነው። የከተማችንን ጠባይ ታውቁታላችሁ። የሠሩትን ጋቢ ለብሶ፣ የሠሩትን ቀሚስ ለብሶ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ሲመለስ ሸማኔውን ቀና ብሎ ሰላም የማይል ከተማ ነው። ከሸማኔው ሰፈር እስከ ሸማኔው ተራራ የአንድ ቀን መኪና መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ከኬንቲሽ ታውን የሄደ ጡረተኛ ቀድሞን ወጣበት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ?

ታዲያ በአንዱ ሥዕል ላይ አምስት ስድስት ሽማግሌዎች፣ እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አቀርቅረው ተንበርክከዋል። እንግሊዛዊው ሥዕሉን አቆመና፣ «ይህን ብዙ ጠየቅሁ፤ አስተርጓሚው በደንብ አልነገረኝም። ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ።

«ባህላዊ ሥርዓት ነው» አልኩት።

ይህ የማያውቅ ከተሜ ሁሉ የሚመልሰው መልስ ነው፤ እናንተም ሳትጠቀሙበት አልቀራችሁም። ሰውዬው ግን አስተማሪ ነውና መልሱ ባዶ መሆኑ ገብቶት፣ በትሕትና ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። እኔም ነገሩ ከነከነኝና በማግስቱ ፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ።

በዚያ በር ውስጥ ዘነበች ትኖራለች። ዘነበች ነርስ ናት፤ ቁም ነገረኛ፣ ፈጣን፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛውንም ሐኪሙንም እኩል የምትቆጣ። በዚያን ሰሞን አባቷ አባባ አንጁሎ ከጨንቻ በላይ ካለው ተራራ ሊጠይቋት መጥተው ነበር። የስድስት ወር ቪዛ ይዘው፣ አንድ ወፍራም ቡሉኮ ይዘው፣ የእንግሊዝኛ አንድ ቃል እንኳ ሳይዙ ነው የመጡት። ቀኑን ሙሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ ሰው ሰላምታ ሳይለዋወጥ ሲተላለፍ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቢግ ቤንን ልናሳያቸው ስንል፣ «ሰዓት አይደለም እንዴ? ሰዓትማ ዘነበች ቤት አለ» ብለው አስቀርተውናል።

ስለ ሥዕሉ ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ።

«ይህማ እርቅ ነው» አሉ። «ሁለት ሰው ይጣላል። ሽማግሌ ይለምናል፤ እምቢ ይላሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌው እርጥብ ሣር ይዞ መሬት ላይ ይንበረከካል። ሣሩ እስኪወሰድለት አይነሣም። ሣሩን የወሰደ ታርቋል፤ አለቀ።»

«ትቶት የሚያልፍ ሰውስ?»

«ማን ነው የሚያልፈው?» አሉ፣ ጥያቄው ራሱ አስደንግጧቸው። «ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ ዐይቶ ማለፍ ጎሜ ነው።» ጎሜ ማለት የማይደፈረውን መድፈር ነው፤ ጣጣው በእህልም፣ በከብትም፣ በልጅም ይመጣል። ጠበኛውም ይሁን መንገደኛ፣ የተራራው ሰው ከሆነ ይቆማል።

ይህን ከተናገሩ በኋላ ግን የፈካው ፊታቸው ጠቆረ። ምክንያቱን የኬንቲሽ ታውን ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። አባባ አንጁሎ ለንደን የመጡት ልጃቸውን ሊጠይቁ አልነበረም፤ ልጆቻቸውን ሊያስታርቁ ነው።

ዘነበች ተፈራ የሚባል ታላቅ ወንድም አላት፤ ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ይኖራል፣ አውቶቡስ ይነዳል። ወንድምና እህት ለአራት ዓመት አልተነጋገሩም። የተጣሉት በርስት አይደለም፣ በፖለቲካ አይደለም። የተጣሉት በመርዶ ነው። እናታቸው አገር ቤት ስታርፍ ስልኩ የተደወለው ለተፈራ ነበር። እንደ ወጋችን ቢሆን ሰው ሰብስቦ፣ ማለዳ ሄዶ፣ በሩን አንኳኩቶ ሊያረዳት ይገባው ነበር። እሱ ግን ዘነበች ለነርስነት ፈተናዋ እየተዘጋጀች ነበርና፣ «ትጨርስ፤ ከዚያ እነግራታለሁ» ብሎ ዋጠው። ሦስት ወር ዋጠው። መዋጡ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በየእሑዱ ሲደውልላት፣ «ከእማዬ ጋር ተነጋገርኩ፣ ሰላም ብላሻለች» ይላት ነበር። እሷም ፈተናዋን አልፋ፣ ለእናቷ ደስታውን ልታሰማ ስልክ ካርድ ልትገዛ ሰቨን ሲስተርስ ሄደች። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንዲት የአገሯ ልጅ አቅፋ ሳመቻትና፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ እኅቴ፤ ሳልደርስሽ የቀረሁት ዘግይቼ ስለሰማሁ ነው» አለቻት።

መርዶ በፌርማታ። ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ቄሱም ፓስተሩም ለምነዋት ነበር። «ይቅር ልለው እችላለሁ» ትላለች ዘነበች፤ «ግን ስልኩን ሳነሣ የምትመጣብኝ ያቺ ‹ሰላም ብላሻለች› ናት። በሞተች እናቴ ስም ሰላም ሲለኝ ከረመ።» ተፈራም በበኩሉ፣ «እኔ ለእሷ ብዬ ነው የተቃጠልኩት፤ ጭራሽ ወንጀለኛ ሆንኩ?» ብሎ አኩርፏል። ሁለቱም የተራራ ልጆች ናቸውና አንገታቸው ቶሎ አይታጠፍም። የአባባ አንጁሎ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ከአንድ ሳህን ሲበሉ ዐይተው ወደ አገራቸው መመለስ። ስድስቱ ወር ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ታዲያ ለምን እርስዎ ሣር ይዘው አይንበረከኩላቸውም?» አልኳቸው፣ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ።

«አባት ለልጁ?» አሉ። «አባት ለልጁ ከተንበረከከ ልጁ ይረገማል። እሱ ከጎሜም የባሰ ጎሜ ነው።»

«ሌላ ሽማግሌ ቢንበረከክስ?»

«የእኛ ተራራ ሽማግሌ ለንደን የት አለ? አንተ ልትሆን ነው? አንተ እንኳን ሽማግሌ፣ ጢም የለህም።»

ዘነበች ክሮይደን፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዳ ቪዛቸውን ኤክስቴንድ ልታስደርግላቸው ብትል አሻፈረኝ አሉ። «እንሰቴ ብቻዋን ናት» ነው መልሳቸው። ነገሩ በዚህ ተቆለፈ።

የማኅበራችን ዓመታዊ ሽርሽር የደረሰው በዚህ መካከል ነው። በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ አውቶቡስ ተከራይተን ባሕር ዳርቻ እንሄዳለን። ባሕር ዳርቻ ማለት፣ ሐበሻ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ጠጠር ላይ ተቀምጦ ጥብስ የሚበላበትና ውሃውን ከሩቅ የሚታዘብበት ቦታ ነው። ያን ዓመት ግን ከኮሚቴው አንዱ አንድ በራሪ ወረቀት ይዞ መጣ። «ጸጥታ የሰፈነበት የዌልስ ተራራማ አገር፤ የራሳቸው ቋንቋ፣ የራሳቸው ዜማ፣ የራሳቸው ወግ ያላቸውን ደገኞች ይጎብኙ» ይላል። ቤቱ ተንጫጫ። እኛ የምናውቀው ፈረንጅ የእኛን ደገኛ ሲጎበኝ ነው፤ ፈረንጅም ለካ የሚጎበኝ ደገኛ አለው! «ባሕሩ በየዓመቱ ያው ነው» ተባለና ተራራው በአንድ ድምፅ አለፈ።

ከሁሉ የገረመኝ አባባ አንጁሎ ነበሩ። ወንዙንም ቤተ መንግሥቱንም አላይም ያሉት ሰው፣ ተራራ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «ተራራ ከሆነ እሄዳለሁ። ዘነበችም ትምጣ፤ ተፈራም ይምጣ» አሉ። ሁለቱም አባታቸውን እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ሁለቱም ሌላው ይቀራል ብለው ተማምነዋል።

ጠዋት ኬንቲሽ ታውን ጣቢያ ፊት ለፊት ሲተያዩ ዘነበች ልትመለስ ዞራ ነበር። ነገር ግን አባባ አንጁሎ ቀድመው አውቶቡሱ ውስጥ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ያዘጋጀችውንም ምግብ በክዳናማ ድስት ጭናቸው ላይ አቅፈውታል። አባትንም ድስትንም ጥሎ መመለስ አይሆንላትም። ከጎናቸው ተቀመጠች። ተፈራ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄዶ ፊቱን በጋዜጣ ጋረደ። አውቶቡስ ሹፌር ሆኖ በሌላ ሹፌር መነዳቱም ሳያናድደው አልቀረም።

ጉዞውን አላስረዝምባችሁ። ኦርቶዶክሱ የመዝሙር ካሴቱን ይዞ መጥቷል፤ ጴንጤውም የራሱን ይዟል። የማን ይቅደም የሚለው ክርክር ሊሞቅ ሲል፣ የለንደኑ ሹፌራችን የክሪኬት ውድድር በሬዲዮ ከፈተና ሁሉንም ሃይማኖት ሳያዳላ አስተኛው። ስንነቃ ተራራ ላይ ነን።

ያ አገር እንዴት ያምራል! ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ አረንጓዴ ነው፣ ጭር ያለ ነው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ አጥር እስከ ሰማይ ይወጣል፤ ጉሙ ወርዶ በጎቹን ይነካል። ዝናቡ ይንጠባጠባል። አባባ አንጁሎ ከአውቶቡሱ ወርደው አየሩን ሲስቡ፣ ከመጡ ጀምሮ ያላየሁትን ሳቅ ሳቁ። «ሰው የሚኖርበት አገር ይህ ነው። ለንደን የሚባለውን ማን ሠራው?» አሉ።

መንደሯ አንድ ጸሎት ቤት፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ የብርድ ልብስ ሱቅ አላት። ሰዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በሌላ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ቆም ብለው ቃል ይመርጣሉ፣ ልክ እንደኛ። የእኛ ሰው በዚህ ምን ያህል እንደተደሰተ አትጠይቁኝ። አንድ ገበሬ ከነውሻው ብቅ ሲል ካሜራ የያዘ ሐበሻ ሁሉ ከበበው። «ትንሽ ወደ ውሻው ጠጋ በሉ!» ይላል አንዱ። «ባርኔጣውን አያውልቅ፣ ባህሉ ነው!» ትላለች አንዷ። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ እንደ ግንድ ቆሞ ተነሣ። የጋሞ ሽማግሌዎች ስንት ዓመት የቆሙትን መቆም በአንድ ጠዋት የተበቀልንላቸው መሰለኝ።

አባባ አንጁሎ ብርድ ልብስ ሱቁ ገብተው፣ ጸጉሯ የነጣው ባለ ሱቅ የዘረጋችውን በጣታቸው ዳሰሱት። ሴትዮዋ «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ይሞቃል አሉ» አልኳት። ያሉት «ይሞቃል፤ ግን ይኮሰኩሳል» ነበር። አስተርጓሚም ቢሆን የማስታረቅ ግዴታ አለበት።

ምሳችንን ከላይ ያለው ሐይቅ ዳር ልንበላ ከመንደሯ ስንወጣ ዝናቡ ቆመ፤ ፀሐይም ብቅ አለች። መንገዱ ግራና ቀኙ በድንጋይ አጥር የታጠረ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ጥቂት እንደወጣን አውቶቡሱ ቆመ። ከፊታችን አንድ ላንድሮቨር ቆሟል፤ ከላንድሮቨሩ ፊት ደግሞ ከላይ የመጣ ትራክተር። አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመዋል። ሹፌራችን ወርዶ ጠየቀና እየሳቀ ተመለሰ። ባለ ትራክተሩና ባለ ላንድሮቨሩ ጎረቤታሞች ናቸው። በበግ አጥር የተነሣ ተቀያይመዋል፤ ማንኛቸውም ወደ ኋላ ብሎ ሌላውን አያሳልፍም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ እስኪመሽ ተፋጠው ውለዋል አሉ።

ሁለቱ ሰዎች ወርደው፣ ከእኛ አውቶቡስ ፊት ባለው ቦታ ላይ ግራና ቀኝ አጥሩን ተጠግተው ቆሙ። ሁለቱም ሽበታም፣ ሁለቱም ፊተ ቀይ። አይጮሁም። ፈረንጅ ሲጣላ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚያስፈራውም ያኔ ነው።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ አባባ አንጁሎ። ነገርኳቸው።

«ጎረቤታሞች ናቸው?»

«አዎ።»

«የተራራ ሰዎች ናቸው?»

«ናቸው።»

አባባ አንጁሎ ድስቱን ለዘነበች ሰጡና ወረዱ። እግራቸውን ሊያፍታቱ መሰለኝ። ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ነጨት ነጨት አደረጉ። ሣሩን ማርጠብ አላስፈለጋቸውም፤ የዌልስ ሣር ሁልጊዜም የራሰ ነው። ከዚያ በሁለቱ ገበሬዎች መካከል ሄደው፣ አስፋልቱ ላይ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሁለት ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ዘርግተው አቀረቀሩ። ገበሬዎቹ ግራና ቀኝ ሆነው፣ እሳቸው ግን ፊታቸው ወደ አንዳቸውም አልነበረም፤ ወደ አውቶቡሱ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ አቅጣጫ ተምታታባቸው አልኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ወርጄ ደረስኩ። ባለ ትራክተሩ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «አሟቸው ነው?» አለኝ።

«አላመማቸውም። ታረቁ ነው የሚሏችሁ። ሣሩ ካልተወሰደላቸው አይነሡም።»

«በስመ አብ፣ ያንሷቸው እንጂ!» አለ ባለ ላንድሮቨሩ፣ አንገቱ ድረስ ቀልቶ። ሁለቱም በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመርጡ ነበር። ሁለቱም ብብታቸውን ይዘው ሊያነሷቸው ሞከሩ፤ አባባ አንጁሎ አልተነቃነቁም። ሣሩን እንዲወስዱ ብነግራቸው፣ አንዱ ሌላውን ያያል፤ ምን እንደሆነ የማያውቁትን ነገር እንዴት ይንኩት?

ያን ጊዜ የአውቶቡሱ ሁለት በሮች ተከፈቱ። ከፊተኛው ዘነበች፣ ከኋለኛው ተፈራ፣ እየሮጡ መጡ።

«አባዬ፣ ይነሡ!» አለች ዘነበች።

«አባዬ፣ መንገድ ላይ ነው እኮ፣ ይነሡ!» አለ ተፈራ።

አባባ አንጁሎ ቀና አላሉም። «እናንተን ማን ጠራችሁ?» አሉ። «እኔ ጉዳዬ ከባለ አገሮቹ ጋር ነው።»

«እነሱ አያውቁትም፤ አይወስዱልዎትም!»

«እንግዲያው እዚሁ ነኝ።»

ገባችሁ? በዚያ መንገድ ላይ ከቆመው ሰው ሁሉ መካከል፣ የዚያ ሣር ትርጉም በደማቸው ያለው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ ዐይቶ ማለፍ ደግሞ አይቻልም፤ ዌልስም ቢሆን አይቻልም። ሁለቱ ቆመው ሣሩን ዐዩት። ማን ቀድሞ እንደዘረጋ ብጠየቅ አልመሰክርም፤ ሳይ ግን ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያንኑ አንድ እፍኝ ሣር ይዘውታል።

«ያዛችሁት?» አሉ አባባ አንጁሎ።

«ይዘነዋል።»

«ሁለታችሁም?»

ዘነበች ሣሩን እንደያዘች ወንድሟን ቀና ብላ ዐየችው፤ በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ መሆኑ ነው።

«ለምን ሰላም ብላሻለች አልከኝ?» አለችው።

ተፈራ ለብዙ ጊዜ ያዘጋጀው መልስ ነበረው፤ ፈተናሽ ነበር፣ ላንቺው ብዬ ነው፣ የሚለው። ከአፉ የወጣው ግን እሱ አልነበረም። «እኔ እንጃ… ሦስት ወር ብቻዬን አለቀስኩ፤ ዘኑ» አለ።

«አብረን እናለቅስ አልነበር?» አለችው።

ከዚህ በኋላ አብረው አለቀሱ። በአራት ዓመት የዘገየ ለቅሶ፣ እንደ ወጉ፣ ደረት እየተመታ፣ በዌልስ መንገድ መካከል ተለቀሰ። የእኛም ሰው ከአውቶቡሱ ወርዶ ከበባቸው፤ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም የየራሱን ቃል እያለ አጽናና። እኔም አለቀስኩ፤ እናታቸውን በሥዕል እንኳ አላውቃትም።

ባለ ትራክተሩ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ምን ሆኑ?»

«እናታቸው ሞታ ነው።»

«ወይኔ! መቼ?»

«የዛሬ አራት ዓመት።»

ለንደን ውስጥ ይህን ብትናገሩ ሐኪም ይጠሩላችኋል። ሰውዬው ግን ራሱን ነቀነቀ፣ በቂ ምክንያት እንደተነገረው ሰው። «ከየት ነው የመጣችሁት?» አለኝ።

«ከኬንቲሽ ታውን።»

በሐዘኔታ ዐየኝና ወደ ትራክተሩ ሄደ። አስነሣውና ወደ ኋላ፣ እስከ ግቢው በር ድረስ ሄዶ መንገዱን ለቀቀ። ባለ ላንድሮቨሩ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ወደ ኋላ እያለ አውቶቡሳችንን ሊነካ ትንሽ ቀረው። አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ያኛው በእጁ «እለፍ» ይላል፤ ይኸኛው «ኧረ አንተ ቅደም» ይላል። ቅድም ወደ ኋላ አልልም ብለው የዘጉትን መንገድ፣ አሁን በይሉኝታ ወደ ፊት አልልም ብለው ዘጉት። ሌላ ሣር ሊያስፈልግ ነው ስል ሹፌራችን ጥሩንባውን ነፋና ገላገለን።

በማግስቱ ወደ እንግሊዛዊው ጎረቤቴ ወርጄ የሥዕሉን ትርጉም ከነታሪኩ ነገርኩት፤ ደረቴን ነፍቼ ነው የነገርኩት፣ ያ ሥርዓት ከአያት ከቅድመ አያቶቼ የወረስኩት ይመስል። የእኔ አልነበረም እኮ። ግን አባባ አንጁሎን በዚያ አስፋልት ላይ ያየ ሰው፣ የሽሮ ሜዳም ይሁን የየትም ልጅ፣ «የእኛ ናቸው» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ፍርድ ቤትም፣ ፖሊስም፣ የካውንስል ሸምጋይም ያለው አገር ውስጥ፣ አራት ዓመት የተቆለፈ ነገር በአንድ እፍኝ ሣር ሲከፈት ዐይቻለሁ። ኮርቻለሁ። አሁንም እኮራለሁ።

ግን አንድ ነገር ቀርቶኛልና ወደ አውቶቡሱ ልመልሳችሁ። ወደ ለንደን ስንመለስ ተፈራ ከኋላ ወንበሩ ወደ ፊት መጥቷል። ድስቱ በእሱና በዘነበች መካከል ተከፍቷል፤ ሳህን አልተፈለገም። ዘነበች የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ አፉ ውስጥ ከተተችለት። የተቆጣች ነርስ መድኃኒት ስትሰጥ እንደምታደርገው ነው ያጎረሰችው፤ ቢሆንም ጉርሻ ጉርሻ ነው። አባባ አንጁሎ ወንበራቸውን ለልጃቸው ለቀው እኔ ጎን ተቀምጠዋል። አይበሉም፤ ያያሉ ብቻ። ጉልበታቸው ላይ የአስፋልቱ ጭቃ ደርቋል።

«አባባ አንጁሎ፣» አልኳቸው በሹክሹክታ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የተንበረከኩት ለገበሬዎቹ ነው፣ አይደል?»

«ለእነሱ ነው እንጂ» አሉ። «አባት ለልጁ አይንበረከክም ብዬህ የለ?»

«ታዲያ ገበሬዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ፊትዎን ወደ አውቶቡሱ ያዞሩት ለምንድን ነው?»

ዐይናቸውን ከልጆቻቸው አልነቀሉም።

«ለዝናቡ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው» አሉ።

«እውነትዎን ነው» አልኳቸው።

ዝናቡ የቆመው ገና ከመንደሯ ስንወጣ ነበር።